እንግሊዝኛ እንማር፦ «ሊይቭ» የሚለው ግሥና ትርጉሞቹ

በዚህ እትም አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ይዘን ቀርበናል። ግሡ አጭር ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከራሽን ማደያ እስከ ክሊኒክ፣ ከፎርም እስከ ቃለ መጠይቅ ክፍል ድረስ ያልገባበት ቦታ የለም። በማታው ክፍላችን እንደታዘብነው ግን ቃሉን እናውቃለን የምንለው ሰዎች ነን አብዝተን የምንሳሳትበት። ግሡ «ሊይቭ» ነው። ፊደሎቹም ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ ናቸው።

ይህን ግሥ ለመምረጥ ያነሣሣን ነገር አለ። አንድ ተማሪያችን ፎርም ሲሞላ፣ ስለ ቤተሰብ በሚጠይቀው ቦታ ላይ «አይ ሌፍት ማይ ዋይፍ» ብሎ ጻፈ። ለማለት የፈለገው «ባለቤቴ አገር ቤት ቀርታለች» ነው። ፎርሙን ያነበበው ሰው ግን «ሚስቴን ትቻት ሄጃለሁ፤ ትዳራችን ፈርሷል» ብሎ ተረዳው። ከወራት በኋላ ሰውየው ከባለቤቱ ጋር መገናኘት እንደሚፈልግ ሲናገር «ተለያይተናል ብለህ አልነበረም ወይ?» ተባለ። ተማሪያችን አልዋሸም። ያነበበውም ሰው ቢሆን እንግሊዝኛው የሚለውን ነው ያነበበው። ያቺን አንዲት መስመር ለማቃናት ግን ብዙ ደጅ መጥናት ጠየቀ።

እንግዲህ ዛሬ የምናጠናው ነገር በሰው ኑሮ ላይ ያመጣውን ካየን ዘንድ ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ድምፁን እንለይ

በመጀመሪያ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት እንለይ። አንደኛው የዛሬው ግሣችን «ሊይቭ» ነው። «ሊቅ» ስንል እንደምናወጣው ያለ ድምፅ ነው፤ ግን «ሊ» የምትለው ረዘም ትላለች፤ ከንፈርም ወደ ጎን ይሳባል። ሁለተኛው «ልቭ» ነው። ፊደሎቹ ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ናቸው። ትርጉሙም መኖር ነው። ድምፁ አጭር ሲሆን «ልብ» ከሚለው ቃላችን ጋር ይቀራረባል። እኛ በክፍል ውስጥ «ልብ የሚመታ ሰው ይኖራል» እያልን እናስታውሰዋለን።

ሁለቱን ማደባለቅ ምን ያመጣል? «አይ ልቭ ኢን ካኩማ» ማለት «ካኩማ እኖራለሁ» ነው። «አይ ሊይቭ ካኩማ» ካልን ግን «ካኩማን ለቅቄ እሄዳለሁ» ብለናል። «የት ነው የምትኖረው?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ይህ መልስ አይሆንም።

የኃላፊ ጊዜውም መልኩን ይለውጣል። «ሊይቭድ» አይባልም፤ «ሌፍት» ነው የሚባለው። ፊደሎቹ ኤል፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ቲ ናቸው። በመፈጸም ላይ ላለ ወይም ሊፈጸም ለተቃረበ ድርጊት ደግሞ «ሊይቪንግ» እንላለን።

ዋናው ቁልፍ

በአማርኛ ሄደ፣ ተነሣ፣ ለቀቀ፣ ተወ፣ ጣለ፣ ተለየ፣ አስቀረ፣ ረሳ እንላለን። እያንዳንዱ የራሱ ስሜት አለው። «ልጁን ጥሎ ሄደ» እና «ልጁን ለእናቱ አደራ ሰጥቶ ሄደ» ስንል ሰሚው የሰውየውን ሁኔታ ከቃሉ ይረዳል። በስዋሂሊም መሄዱ «ኦንዶካ»፣ መተዉ «አቻ»፣ መቅረቱ «ባኪ» ተብሎ ይለያል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ «ሊይቭ» ጠቅልሎ ይይዘዋል።

ታዲያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል? ከግሡ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ «ሊይቭ» ወይም «ሌፍት» የሚል ባያችሁ ቁጥር «ቀጥሎ የመጣው ቦታ ነው? ዕቃ ነው? ወይስ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዛሬው ትምህርት ቁልፍ ይህ ነው።

1ኛ. ቦታ ሲከተለው፦ መነሣት፣ ለቅቆ መሄድ

«አይ ሌፍት ሞያሌ» ማለት «ከሞያሌ ተነሣሁ፤ ሞያሌን ለቀቅሁ» ነው። አማርኛችን «ከ» የሚል ስላለው ብዙዎቻችን «አይ ሌፍት ፍሮም ሞያሌ» እንላለን። የምንለቀውን ቦታ ስንጠራ ግን እንግሊዝኛው «ፍሮም» አያስፈልገውም። ቦታው ከግሡ ቀጥሎ በቀጥታ ይመጣል።

ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ የሚያሻው «ፎር» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። ሁለቱን አስተያዩ።

«አይ ሌፍት ሞያሌ» — ከሞያሌ ተነሣሁ።
«አይ ሌፍት ፎር ሞያሌ» — ወደ ሞያሌ ለመሄድ ተነሣሁ።

አንዲት ቃል በመጨመሯ ጉዞው ተገለበጠ። የመጣበትን መንገድ የሚያስረዳ ሰው «ፎር» የምትለዋን ያለቦታዋ ቢያስገባ፣ አድማጩ መንገዱን ወደ ኋላ ይጽፍበታል። ሁለቱን ቦታዎች በአንድነት ለመናገር ስንፈልግ እንዲህ እንላለን፦ «ዘ በስ ሊይቭዝ ካኩማ ፎር ሎድዋር»። «አውቶቡሱ ከካኩማ ተነሥቶ ወደ ሎድዋር ይሄዳል» ማለት ነው።

ሰዓትም ከዚሁ ጋር ይነሣል። «ዘ በስ ሊይቭዝ አት ቱ» ቢባል በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ስለሚቆጥሩ «ሳ ናኔ»፣ ማለትም 8 ሰዓት ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ተነሥቶ ነው። የጉዞ ሰዓት በእንግሊዝኛ ሲነገራችሁ የ6 ሰዓት ልዩነቱን አስቡ።

2ኛ. ዕቃ ሲከተለው፦ ማስቀመጥ፣ መርሳት

«ሊይቭ ዩር ካርድ ሂር» ቢባል «ካርድህን እዚህ ተወው» ማለት ነው። ካርዱ ተነጠቀ ማለት አይደለም፤ እዚህ አስቀምጠህ ሂድ ነው የሚለው። መቼ እንደሚመለስላችሁ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

«አይ ሌፍት ማይ ካርድ አት ሆም» ስንል ደግሞ «ካርዴን ቤት ረስቼ መጣሁ» ወይም «ቤት አስቀምጬው መጣሁ» ማለታችን ነው። ካርዱ የት እንዳለ እናውቃለን። የት እንዳለ ካላወቅን «አይ ሎስት ማይ ካርድ»፣ «ካርዴ ጠፋብኝ» ነው የምንለው። ልዩነቱን አስተውሉ። «ሌፍት» ያለ ሰው «ሂድና አምጣው» ይባላል። «ሎስት» ያለ ሰው ግን ስለ መጥፋቱ እንዲያመለክት ይነገረዋል።

3ኛ. ሰው ሲከተለው፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል

ወደ ተማሪያችን ጉዳይ ተመልሰናል። ከ«ሌፍት» በኋላ ባል ወይም ሚስት መጥቶ ሌላ ቃል ካልተከተለ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአብዛኛው የሚረዳው ትዳር መፍረሱን ነው። ልጅ ከመጣ ደግሞ ልጁን መጣል ሊመስል ይችላል። «አይ ሌፍት ማይ ቺልድረን» ያለች እናት በአማርኛዋ እያሰበች «ልጆቼ ከእኔ ጋር አይደሉም» ማለቷ ነው። የሰማት ሰው ግን «ልጆቿን ጣለች ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ለእናት እንዴት እንደሚከብድ መናገር አያሻንም።

ስለዚህ ሰው ስንጠራ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ አንቁረጠው። ከማን ጋር? የት? እንዴት? የሚለውን እንጨምርበት። በክፍላችን የምናስጠናቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች እነሆ።

«አይ ሌፍት ማይ ቺልድረን ዊዝ ማይ ማዘር» — ልጆቼን ከእናቴ ዘንድ ትቻቸው መጣሁ። «ዊዝ» ስለ ገባች ልጆቹ ጠባቂ እንዳላቸው ይታወቃል።

«ማይ ዋይፍ ስቴይድ ቢሃይንድ» — ባለቤቴ ወደ ኋላ ቀርታለች። እዚህ ላይ የቀረችው እርሷ ናት እንጂ የተዋት እርሱ አይደለም።

«ዊ ዌር ሴፓሬትድ ኦን ዘ ዌይ» — መንገድ ላይ ተለያየን። ሳንፈልግ ተጠፋፋን ለማለት ይህ ይስማማል። ነገር ግን ስለ ባልና ሚስት ሲሆን «ሴፓሬትድ» ብቻውን ከቆመ ተለያይተዋል፣ ተኳርፈዋል የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ «ኦን ዘ ዌይ»፣ ማለትም «መንገድ ላይ» የሚለውን አትርሱት።

«አይ ሃድ ቱ ሊይቭ ዜም ቢሃይንድ» — ትቻቸው ከመምጣት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «ሃድ ቱ» የሚለው ግድ እንደሆነብን ይናገራል። ሲደረግብን እንጂ ወደን እንዳላደረግነው ያሳያል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የቅርብ ዘመድ ቃል እናንሣ። ከላይ ያየነው «ሎስት» ለዕቃ ሲሆን መጥፋት ነው። ለሰው ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞት ነው። «አይ ሎስት ማይ ብራዘር» ካላችሁ አድማጩ «ወንድሜ ሞተብኝ» ብሎ ይሰማል። ወንድማችሁ ያለበት ካልታወቀ «ማይ ብራዘር ኢዝ ሚሲንግ» በሉ። ይህ ልዩነት በቀይ መስቀል በኩል ቤተሰብ ለማፈላለግ ፎርም ለሚሞላ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሚፈለገው በሕይወት ሊኖር የሚችል ሰው ነውና፣ በአንድ ቃል ስሕተት እንደ ሞተ ሆኖ እንዳይጻፍ።

4ኛ. «ሌፍት» ሲሆን፦ የቀረ፣ የተረፈ

«ዜር ኢዝ ኖ ኦይል ሌፍት» — ምንም ዘይት አልቀረም። «ቱ ከፕስ ኦፍ ፍላወር አር ሌፍት» — ሁለት ኩባያ ዱቄት ቀርቷል። እዚህ ላይ የሄደ ሰው የለም፤ ነገሩ የሚናገረው ስለ ቀረው ነው። አንድ ቃል መሄድንም መቅረትንም መናገሩ ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራልና፣ ነገሩን ከሁለት ወገን ማየት ነው።

ልጆቻችሁ በሒሳብ ትምህርትም ያገኙታል። ከስምንት ላይ አምስት ሲነሣ ሦስት ይቀራል ለማለት «ኤይት ማይነስ ፋይቭ ሊይቭዝ ስሪ» ይባላል።

5ኛ. እንዳለ መተው

ፎርም ላይ «ሊይቭ ዚስ ስፔስ ብላንክ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። «ይህን ቦታ ባዶ ተወው» ማለት ነው፤ የሚሞላው ቢሮው ነው። አንዳንዶቻችን ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር እጃችን ስለሚበላን እንሞላዋለን። እንዲህ የተጻፈበትን ቦታ አትንኩት።

«ሊይቭ ዘ ዶር ኦፕን» — በሩን ክፍቱን ተወው። «ሊይቭ ኢት ቱ ሚ» — ለእኔ ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። እኛም «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» እንደምንለው ማለት ነው።

«ሊይቭ ሚ አሎን» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቃል በቃል «ብቻዬን ተወኝ» ይመስላል፤ ስሜቱ ግን «አትድረስብኝ፤ ዞር በልልኝ» ነው። ለሚያስቸግር ሰው ይሆናል። ለነርስ ወይም ለቢሮ ሠራተኛ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ለማለት ከሆነ «ፕሊይዝ ጊቭ ሚ ኤ ሞመንት» ማለት ይሻላል።

6ኛ. «ሌፍት አውት»፦ ሳይገባ መቅረት

«ማይ ኔም ዎዝ ሌፍት አውት» ማለት «ስሜ ሳይጻፍ ቀረ፤ ተዘለለ» ነው። ስማችሁ ቀድሞ ተጽፎ ኋላ የተሰረዘ ከሆነ ግን «ማይ ኔም ዎዝ ሪሙቭድ» ነው የሚባለው። ሁለቱ አቤቱታዎች አንድ አይደሉም። የተዘለለ ስም ይጨመራል። ለተሰረዘ ስም ግን በመጀመሪያ «ለምን ተሰረዘ?» ተብሎ ምክንያቱ ይጠየቃል። አቤት ስትሉ የደረሰባችሁ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ።

7ኛ. ስም ሲሆን፦ ፈቃድ

«ሊይቭ» እንደ ስምም ያገለግላል። ያን ጊዜ ትርጉሙ ፈቃድ ነው። የሥራ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ እንደምንለው ነው። ይህ ቃል ከግሡ ጋር በፊደልም በድምፅም አንድ ቢሆንም በጥንቱ እንግሊዝኛ የተነሡበት ሥር የተለያየ ነው። ስለዚህ የግሡን ትርጉም አምጥታችሁ አትለጥፉበት።

አንድ ሠራተኛ ፈልጋችሁ ስትሄዱ ዘበኛው ከሚከተሉት አንዱን ሊላችሁ ይችላል።

«ሂ ኢዝ ኦን ሊይቭ» — ፈቃድ ላይ ነው። ይመለሳል።
«ሂ ኢዝ ሊይቪንግ» — ሊሄድ ነው። ቶሎ ካልደረሳችሁበት ያመልጣችኋል።
«ሂ ሃዝ ሌፍት» — ሄዷል። ለዛሬ ወደ ቤቱ ገብቶ ይሆናል፤ ጨርሶ ሥራ ለቅቆም ይሆናል።

ሦስተኛውን ከሰማችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ከመመለሳችሁ በፊት «ዊል ሂ ካም ባክ?»፣ «ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከእንግሊዝ አገር ከዘመድ ደብዳቤ የደረሳችሁ «ሊይቭ ቱ ሪሜይን» የሚል ቃል አንብባችሁ ይሆናል። ግሡን ብቻ የሚያውቅ ሰው «ለመቅረት መሄድ» ብሎ ተርጉሞ ግራ ይጋባል። ትክክለኛው ትርጉም «የመቆየት ፈቃድ» ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥም ያለ የሕግ ቃል ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁ «ሊይቭ» አገኘሁ ብሎ ቢጽፍ ተባረረ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ደስ ይበላችሁ።

8ኛ. ግራ የሚያጋባው ግራ

«ተርን ሌፍት» ማለት «ወደ ግራ ታጠፍ» ነው፤ በስዋሂሊ «ኩሾቶ» የሚባለው። ከዛሬው ግሥ ጋር የሚገናኘው በፊደልና በድምፅ ብቻ ነው። በየትኛው ትርጉም እንደገባ ዙሪያውን በማየት ይለያል።

ለቃለ መጠይቅ ያህል

በቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጣሉ። «ዌን ዲድ ዩ ሊይቭ ዩር ካንትሪ?»፣ «ከአገርህ የወጣኸው መቼ ነው?» የሚለው አንዱ ነው። «ዋይ ዲድ ዩ ሊይቭ?»፣ «ለምን ወጣህ?» የሚለው ሁለተኛው ነው።

ለ«መቼ» ስንመልስ የሚጠየቀው ከአገር የወጣንበት ቀን ነው። ካምፕ የገባንበት ቀን ሌላ ነው፤ ለእርሱ «አራይቭ» የሚል ሌላ ግሥ አለ። ከቀዬአችን የተነሣንበት ቀንና ድንበር የተሻገርንበት ቀንም ሊለያዩ ይችላሉ። ካልገባችሁ የትኛውን እንደሚጠይቁ አስደግሙ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዳያሳስታችሁ። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ 7 ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ለምሳሌ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በፈረንጆች ጁን 8 ቀን 2005 ነው። ኅዳር 1 ቀን 1998 ዓ.ም. ደግሞ ኖቬምበር 10 ቀን 2005 ነው። በእኛ ዓመቱ ተለወጠ፤ በእነርሱ ግን ያው አንድ ዓመት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው እውነቱን እየተናገረ ቀኑ የተምታታ ይመስልበታል።

በመጨረሻም አንድ ምክር። እንግሊዝኛ ማወቃችንን ለማሳየት ብለን አስተርጓሚ ባለበት በእንግሊዝኛ አንቸኩል። በልባችን ያለውን በአማርኛ ወይም በየአፍ መፍቻ ቋንቋችን እንናገር። አስተርጓሚው የሚለውን ለመከታተል ግን ይህ ትምህርት ይጠቅመናል። «ባለቤቴ ቀርታለች» ብለን «ሂ ሌፍት ሂዝ ዋይፍ» ሲባል ከሰማን በትሕትና «ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» እንበል። ይህን ስንል የሌላ ሰው ታሪክ አጥኑ ማለታችን አይደለም። የራሳችን ታሪክ በራሳችን ልክ እንዲጻፍ ነው።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ አማርኛ መልሱ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሞክሩት።

ሀ. ሺ ሌፍት ፎር ናይሮቢ።
ለ. ሺ ሌፍት ናይሮቢ።
ሐ. ሃው መች ዋተር ኢዝ ሌፍት?
መ. ዘ ነርስ ኢዝ ኦን ሊይቭ።
ሠ. ማይ ዶተርዝ ኔም ዎዝ ሌፍት አውት።
ረ. አይ ሌፍት ማይ ሰን ዊዝ ማይ ሲስተር።
ሰ. ዌር ዱ ዩ ልቭ?

መልስ

ሀ. ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ተነሣች።
ለ. ከናይሮቢ ወጣች።
ሐ. ምን ያህል ውኃ ቀርቷል?
መ. ነርሷ ፈቃድ ላይ ናት።
ሠ. የልጄ ስም ሳይጻፍ ቀረ። «ዶተር» ሴት ልጅ ናት።
ረ. ወንድ ልጄን ከእኅቴ ዘንድ ትቼው መጣሁ።
ሰ. የት ነው የምትኖረው? በዚህኛው «ልብ» እንጂ «ሊቅ» የለበትም።

ሰባቱንም ያገኛችሁ፣ ጎበዝ! ያላገኛችሁም አትዘኑ፤ ከላይ ያለውን ክፍል መልሳችሁ አንብቡት። በየቤታችሁም እርስ በርስ ተጠያየቁ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች በተለይ 3ኛውን ክፍል አንብቡላቸው፤ ከሁሉ በላይ እነርሱን ይመለከታልና። በሚቀጥለው እትም «ኪይፕ» የሚለውን ግሥ ይዘን እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ።